«ለውጥ የለኝም» ለሚሉ የማታ ተማሪዎች

(በአንድ የማታ የእንግሊዝኛ ትምህርት ፕሮግራም የሁለተኛ ሴሚስተር መክፈቻ ላይ የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ጥቂት ቦታ ላይ ተስተካክሏል።)

እንደምን አመሻችሁ። አብዛኞቻችሁ ከሥራ በቀጥታ እንደመጣችሁ፣ ገና እራት እንዳልበላችሁም አውቃለሁ፤ ስለዚህ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

የማታ ክፍል ያስተማረ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። መስከረም መጨረሻ ላይ ወንበር አይበቃም፤ ከጎረቤት ክፍል እየተሸከምን እናመጣለን። ጥር ሲጋመስ ሁሉም ቦርሳውን የሚያሳርፍበት ትርፍ ወንበር ያገኛል። የቀሩትን ሰዎች ታክሲ ሰልፍ ላይ ሳገኛቸው ምን ነካችሁ እላለሁ። ሥራ በዛብኝ የሚል አለ፤ ቤት ቀየርኩ፣ ራቀኝ የሚል አለ። እውነታቸውን ነው። ሰልፉ ሳይንቀሳቀስ ቆይቶ ትንሽ ስናወራ ግን ሌላ ነገር ይወጣል፦ «እውነቱን ልንገርህ ቲቸር፣ ለውጥ የለኝም።» ከበደኝ አይደለም የሚሉት። አልገባኝምም አይደለም። ለውጥ የለኝም ነው።

ዛሬ የማወራው ስለዚህች አባባል ነው። ሐሳቤን አስቀድሜ ላስቀምጠው፤ ካልተስማማችሁ በመጨረሻ ትሞግቱኛላችሁ። «ለውጥ የለኝም» የሚለው ስሜት ስለ ለውጣችሁ የሚነግራችሁ ነገር በጣም ጥቂት ነው። ይባስ ብሎ፣ ብዙ ጊዜ በደንብ እየተማረ ያለውን ሰው ነው አጥብቆ የሚይዘው። ስሜቱን አክብሩት፣ ግን ዳኛ አታድርጉት።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንድል የምትጠብቁ ካላችሁ አልልም። የሰማችሁት ይበቃችኋል፤ ደግሞም ለእናንተ አይሆንም። እንቁላሉ በ21 ቀን ይፈለፈላል፣ ቀኑ የታወቀ ነው። ሥራውን የምትሠራው ታቅፋ የተቀመጠችው ዶሮ ናት፤ እሱ እዚያው ተኝቶ ይጠብቃል። እናንተን ግን ማንም አልታቀፋችሁም፣ ቀናችሁም በካላንደር ላይ አልተጻፈም። ሰው የሚያቆመውም ትዕግሥት ስለሌለው ሳይሆን መቼ እንደሚደርስ ስለማያውቅ ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ እንግሊዝ አገር ልውሰዳችሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

የእንግሊዝ ፖስታ ቤት ደብዳቤዎችን በአድራሻ ኮድ የሚለይ ማሽን አስገባ። ማሽኑ የሚሠራው በኪቦርድ ነው። ስለዚህ ዕድሜ ልካቸውን ደብዳቤ በእጃቸው ሲለዩ የኖሩ ብዙ ሠራተኞች ታይፕ መማር ነበረባቸው። ጥያቄው የአስተዳደር ጥያቄ ነው፦ በቀን ስንት ሰዓት እናሠልጥናቸው? አለን ባድሌ የሚባል የማስታወስ ችሎታን የሚያጠና ሳይኮሎጂስት ከባልደረባው ከሎንግማን ጋር ይህን እንዲያጠና ተሰጠው፤ ውጤቱን በ1978 አሳተሙት። ሠራተኞቹን በአራት ቡድን ከፈሏቸው። አንደኛው በቀን 1 ሰዓት ብቻ ይማራል። ሌላው 2 ሰዓት በአንድ ጊዜ። ሦስተኛው ጠዋት 1 ሰዓት፣ ከሰዓት 1 ሰዓት። አራተኛው ጠዋት 2፣ ከሰዓት 2፣ በድምሩ በቀን 4 ሰዓት።

በቀን 1 ሰዓት የተማሩት በ55 ሰዓት ሥልጠና የደረሱበት ፍጥነት ላይ ለመድረስ፣ በቀን 4 ሰዓት የተማሩት 80 ሰዓት ያህል ፈጀባቸው። ማለትም በቀን አንዲት ሰዓት የተቀመጠው ሰው እያንዳንዷ ሰዓት ይበልጥ ፍሬ ሰጥታዋለች። እስከዚህ ድረስ «ጥቂት በጥቂት አጥና» ከሚለው የወላጆቻችን ምክር ብዙም አይርቅም።

እኔ ለዛሬ የፈለግኩት ግን ቀጥሎ ያለውን ነው። ተመራማሪዎቹ ሠራተኞቹን፣ በሥልጠናችሁ ምን ያህል ረክታችኋል ብለው ጠየቋቸው። ከሁሉ ያነሰ የረካው በቀን 1 ሰዓት የተማረው ቡድን ሆኖ ተገኘ። ከሁሉ ይበልጥ የረካው ደግሞ 4 ሰዓት የተማረው፣ ሰዓቱን በከንቱ ያፈሰሰው ቡድን ነው! ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ቁጥሩን ራሳችሁ አስሉት። 80 ሰዓትን ለ4 ብታካፍሉት 20 የሥራ ቀን ነው፣ አራት ሳምንት። 55 ሰዓት በቀን አንድ አንድ ሲሆን 55 የሥራ ቀን ነው፣ አሥራ አንድ ሳምንት። እንግዲህ አንዱ ፖስተኛ ከሻይ ሲመለስ ጓደኛው «እኔ ኮዱን መምታት ጀመርኩ» ይለዋል፤ እሱ ገና ፊደል ፍለጋ ላይ ነው። ወደ ኋላ የቀረ መሰለው። በሰዓት ሲቆጠር እየቀደመ፣ በቀን ሲቆጠር እየተቀደመ ነበር፤ ሰው ደግሞ የሚቆጥረው ቀን ነው።

እዚህ ከተቀመጣችሁት ስንቶቻችሁ ናችሁ ያ ፖስተኛ? የሥራ ባልደረባችሁ ሥራ ለቆ ሦስት ወር ሙሉ ቀን ኢንቴንሲቭ ኮርስ ገባ። እናንተ ማታ ማታ ትመጣላችሁ። በፋሲካ ስትገናኙ እሱ አፉን ፈትቷል፣ እናንተ አሁንም ግሱን ከኋላ ከፊት እያላችሁ ነው። «እኔ ግን አልችልም ማለት ነው» ብላችሁ ወደ ቤት ትሄዳላችሁ። ያነጻጸራችሁት ሰዓትን ከሰዓት ሳይሆን ፋሲካን ከፋሲካ ነው።

በቅንነት መጨመር ያለብኝ ነገር አለ። በሦስት ሳምንት ውስጥ የኤምባሲ ቃለ መጠይቅ ወይም ፈተና ያለበት ሰው ካለ፣ እሱ የ4 ሰዓቱን ቡድን ይቀላቀል። ውድ ነው፣ ብክነት አለው፣ ግን ቀኑ ቀን ነው። እኔ የምናገረው ቀን ላልተቆረጠባቸው፣ ራሳቸው ላይ ያለ ምክንያት ቀን ለቆረጡት ነው።

አሁን ከታይፕ ወደ ደብተር እንምጣ። ታክሲ ውስጥ ሃንድአውት የምታነቡ አሉ፤ አይቻችኋለሁ። በሃይላይተር ተቀልሞ ተቀልሞ ነጭ ቦታ ያጣ ወረቀት። አንዴ ታነባላችሁ፣ ደግማችሁ ታነባላችሁ፣ በሦስተኛው ዓይናችሁ መስመሩ ላይ ይንሸራተታል፣ ምንም አያደናቅፈውም። ደስ ይላል። «ይሄንንስ ያዝኩት» ትላላችሁ። ቦሌ ድልድይ ደርሳችሁ ስትወርዱ ግን አንድ ሰው ወረቀቱን ነጥቆ «በል ንገረኝ» ቢላችሁ?

በ2006 ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ተመራማሪዎች ይህንኑ ነው የፈተኑት። ተማሪዎች ሁለት አጫጭር ጽሑፎች አነበቡ። ከዚያ አንዱን ጽሑፍ ደግመው አነበቡት። ሌላውን ጽሑፍ ግን ተከለከሉ፣ ባዶ ወረቀት ተሰጣቸው፣ የምታስታውሱትን ጻፉ ተባሉ። ማንም አላረመላቸውም። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ካነበቡት ጽሑፍ 81 በመቶ አስታወሱ፣ ባዶ ወረቀት ላይ ከጻፉት 75። ማንበቡ በለጠ። ከአንድ ሳምንት በኋላስ? ደግመው ያነበቡት ወደ 42 ወረደ፤ ባዶ ወረቀት ላይ እያላባቸው የጻፉት 56 ላይ ቀረ። በዚያው ጥናት ሁለተኛ ሙከራ ላይ ተማሪዎቹ ምን ያህል እንደሚያስታውሱ አስቀድመው ሲገምቱ፣ ደጋግመው ያነበቡት ናቸው በራሳቸው ይበልጥ የተማመኑት።

የፖስታ ቤቱ ታሪክ በሌላ ልብስ ተመለሰ ማለት ነው። በደንብ የሚያስተምረው መንገድ በጊዜው የዘገመ ይመስላል፤ ያደናቅፋል፣ ያስረሳል፣ ያናድዳል። በደንብ የማያስተምረው መንገድ ልስልስ ነው። ስለዚህ ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ የዛሬዎቹን አሥር ቃላት ደግማችሁ አታንብቡ። ደብተሩን ዝጉ፤ በጀርባው ገጽ ላይ ያስታወሳችሁትን ጻፉ። አራት ብቻ ይመጡ ይሆናል። የቀሩት ስድስት ቦታቸው ባዶ ሆኖ ሲያያችሁ ትንሽ ያማል። ያ ሕመም ትምህርቱ ነው፤ ከዚያ በኋላ ገልጣችሁ እዩ። ልጆቻችሁ «ማሚ ዛሬም አላወቀችም» ብለው ቢስቁ ይሳቁ።

ብዙ ጊዜ ወደ እኔ የሚመጣው ሌላው ስሞታ ስለ መስማት ነው። «መናገሩን እየቻልኩ ነው፤ ፈረንጅ ሲያወራ ግን አልሰማውም፣ ከስድስት ወር በፊትም አሁንም ያው ነው።» ይህን የሚሉኝ ጎበዞቹ ናቸው። ለእነሱ የምነግራቸው የቴሌግራፍ ሠራተኞችን ታሪክ ነው።

ብራያንና ሃርተር የሚባሉ ሁለት ሰዎች በአሜሪካ ኢንዲያና በ1897 እና በ1899 ያሳተሙት ጥናት ነው። ሃርተር ራሱ ቴሌግራፈኛ ነበር፤ ሙያውን ከውስጥ ያውቀዋል። ቴሌግራፈኛ ሁለት ነገር ይማራል፤ መላክና መቀበል። መላክ ማለት ነጥብና ሰረዙን በእጁ መምታት ነው። መቀበል ማለት ከሽቦው የሚመጣውን ትክትክታ ሰምቶ ወደ ቃል መመለስ ነው። በየሳምንቱ እየለኩ የተማሪዎቹን ፍጥነት በመስመር ሣሉት። የመላኩ መስመር ያለ ብዙ ችግር ወደ ላይ ሄደ። የመቀበሉ መስመር ግን ተነሣ፣ ከዚያ ጠፍጣፋ ሆነ። ሳምንት አለፈ፣ ሌላ ሳምንት፣ አሁንም ጠፍጣፋ። ተማሪው ይለማመዳል፣ መስመሩ አይነቃነቅም። ብዙዎች እዚያ ላይ ተስፋ ይቆርጡ ነበር። ያልቆሙት ላይ ግን ከረጅም ጊዜ በኋላ መስመሩ ድንገት እንደገና ሽቅብ ወጣ።

በጠፍጣፋው ጊዜ ምን ይሠራ ነበር? የእነሱ ማብራሪያ እንዲህ ነው። ጀማሪው ፊደል በፊደል ነው የሚሰማው። ፊደሎቹ ያለ ሐሳብ የሚመጡለት እስኪሆን ድረስ ጆሮው ለቃሉ ትርፍ ቦታ የለውም። ፊደሉ ሲለሰልስለት ቃሉን በአንድ ላይ ይሰማል፤ ቃሉ ሲለሰልስለት ሐረጉን። የበቃ ቴሌግራፈኛ ከሽቦው ብዙ ቃላት ወደ ኋላ ቀርቶ፣ ተረጋግቶ ነው የሚጽፈው። ታችኛው ነገር እስኪጠነክር ድረስ ላይኛው አይታይም፤ ፍጥነት የሚለካው ሰው ደግሞ የሚያየው ላይኛውን ብቻ ነው። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ይህ ጠፍጣፋ ጊዜ በሁሉም ሰው ላይ እንደማይታይ አሳይተዋል፤ የግድ የሚመጣ ሕግ አድርጋችሁ አትያዙት። የተከሰተበት ሰው ግን ብቻውን እንዳልሆነ ይወቅ።

በእንግሊዝኛ ያለውን እንየው። እኔ እዚህ ሰሌዳ ላይ «ዋት ዲድ ዩ ዱ የስተርዴይ» ብዬ ቃል በቃል እላለሁ፣ ሁላችሁም ትሰሙታላችሁ። አገሬው ግን «ዋጁዱ የስተርዴይ» ነው የሚለው። አራት ቃል አንድ ሆኗል። እናንተ ደግሞ አራቱን ለየብቻ ፍለጋ ላይ ናችሁ፤ አንደኛውን ሳታገኙ ዓረፍተ ነገሩ አልፏል። ባለፈው ዓመት በሆቴል ሪሴፕሽን የምትሠራ ተማሪ ነበረችኝ። እንግዳ ስልክ ደውሎ ሲያወራት የምትይዘው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ታወል»። ፎጣ እንደፈለገ ታውቃለች፤ ስንት፣ ለየትኛው ክፍል፣ አሁን ነው ወይስ ነገ ጠዋት፣ የለም። ልጁን በፎጣ ትልካለች፣ ልጁ ጥያቄ ይዞ ይመለሳል። ወራት እንዲህ ሆነ። ምን አደረግን? አዲስ ቃል መጨመሩን አቆምንና ያንኑ የአንድ ደቂቃ ንግግር ደጋግማ እንድትሰማ፣ የሰማችውን እንድትጽፍ፣ ከጽሑፉ ጋር እንድታስተያይ አደረግን። አሰልቺ ነው፣ አልዋሻችሁም። ሰኔ ላይ «ቲቸር፣ ስልኩን አንስቼ ሳልፈራ ቀረሁ» አለችኝ። መቼ እንደተለወጠ ቀኑን አታውቀውም፤ እኔም አላውቀውም።

አሁን ደግሞ ወደ አገር ቤት። ከመካከላችሁ ቅኔ ቤት ያለፈ ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ ከእኔ በተሻለ ሊናገር ይችላል። የአብነት ትምህርት ቤት ስለ ረጅም ትምህርት ብዙ ያሰበበት ቤት ነው። አንድ ልጅ ከፊደል ተነሥቶ፣ ንባብ ቤት ሰንብቶ፣ ዳዊት ደግሞ፣ ዜማ ቤት ገብቶ፣ ከዚያ ቅኔ ቤት ይወርዳል። ከአንዱ መምህር ወደ ሌላው፣ ከጎጃም ዋሸራ ወደ ጋይንት ቤተልሔም፣ ቆሎና ቁራሽ ለምኖ እየበላ የሚሄድበት መንገድ ዓመታት ይፈጃል። መጨረሻውን ብቻ የሚያይ ልጅ በመጀመሪያው ክረምት ወደ እናቱ ይመለስ ነበር። የማይመለስበትን ምክንያት የቅኔው አሰጣጥ ላይ እናገኘዋለን።

ጀማሪው መወድስ ቁጠር አይባልም። መወድስ ስምንት ቤት ነው። መጀመሪያ የሚሰጠው ጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት ብቻ። ሁለቷን ስንኝ ቀኑን ሙሉ ከዛፍ ሥር ሲያወጣ ሲያወርድ ይውላል፤ ማታ ለመምህሩ ወይም ከፍ ላለው ተማሪ ይነግራል፣ ይታረማል። ጉባኤ ቃናው ሲጸናለት ወደ ዘአምላኪየ፣ ሦስት ቤት። ሚበዝኁ፣ እሱም ሦስት። ከዚያ ዋዜማ አምስት፣ ሥላሴ ስድስት፣ እያለ ወደ መወድስ። ልጁ ዛሬ የት እንዳለ ያውቃል፤ «ጉባኤ ቃና ላይ ነኝ»፣ «ሥላሴ ቤት ገባሁ» ይላል። ሊቁ መምህሩ በሩቅ ተራራ ላይ ናቸው፤ እሱ ግን የሚለካው ከሳቸው ጋር ሳይሆን ከሁለት ቤት ወደ ሦስት ቤት በመሻገሩ ነው። ደግሞም ከሥር ያለውን ያስቀጽላል፤ ትናንት የሰነበተበትን ዛሬ ለሌላው ያስረዳል። የራስን ለውጥ ለማየት ከዚህ የተሻለ መስተዋት አላውቅም። በአንፃሩ የእኛ የማታ ትምህርት ደረጃ አንድ፣ ደረጃ ሁለት እያለ በአራት ወር አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚያሻግራችሁ። በመካከሉ ሰው ባዶ ሜዳ ላይ የቆመ ይመስለዋል። ይህ የእናንተ ሳይሆን የእኛ የአሰጣጥ ጉድለት ነው፤ በዚህ ሴሚስተር በየሁለት ሳምንቱ አንድ አነስተኛ መሻገሪያ ልናደርግ ተስማምተናል።

ስለ ጽናት ሲወራ ሩጫ ሳይነሣ አይቀርምና ማሞ ወልዴን ላንሣ። ስለ ማሞ የምናስታውሰው ሜክሲኮን ነው፤ በ1968፣ ማራቶን፣ ወርቅ። አበበ ቢቂላ እግሩን ታሞ ሲያቋርጥ ማሞ ቀጥሎ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገባ። ከሳምንት በፊት ደግሞ በ10 ሺህ ሜትር ብር አግኝቶ ነበር። የማይወራው ከዚያ በፊት ያለው ነው። ማሞ ኦሊምፒክ የጀመረው ኢትዮጵያ ራሷ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳተፈችበት በሜልበርን በ1956 ነው። በስንት ሜትር ይመስላችኋል? በ800፣ በ1500 እና በ4 በ400 ዱላ ቅብብል! ከማጣሪያ አላለፈም። በ1960 ሮም ላይ አልነበረም፤ የክቡር ዘበኛ ባልደረባው አበበ በባዶ እግሩ ዓለምን ሲያስደንቅ የማሞ ስም የለም። በ1964 ቶኪዮ በ10 ሺህ አራተኛ ወጣ፣ ማራቶኑን ጀምሮ አቋረጠ። ወርቁ የመጣው ከሜልበርን 12 ዓመት በኋላ፣ በ36 ዓመቱ ነው። በ40 ዓመቱ ሙኒክ ላይ ደግሞ ነሐስ ጨመረበት።

ይህን የምነግራችሁ «ታገሡ፣ ወርቅ ይመጣል» ለማለት አይደለም። ከሱ ጋር ከሮጡት ብዙዎቹ ታግሠው ወርቅ አላገኙም፤ ይህን የሚደብቅ አነቃቂ ንግግር አልወድም። ማሞን ያነሣሁት 12 ዓመት 800 ሜትር ላይ ሙጭጭ ብሎ ስላልቀረ ነው። ሩጫውን አልተወም፤ ርቀቱን ግን ቀየረ። በእኛ ዘመን ትዕግሥት አሰፋን እዩ። በ2016 ሪዮ ላይ የ800 ሜትር ተወዳዳሪ ነበረች። የመጀመሪያ ማራቶኗን በ2022 ሪያድ ላይ በ2 ሰዓት ከ34 ደቂቃ ሮጠች። ያንኑ ዓመት መስከረም በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ15፤ በ2023 እዚያው በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ፣ በጊዜው የዓለም ክብረ ወሰን። መጨረሻው ፈጣን ይመስላል፤ የበርሊኗ ሴት ግን ከዚያ በፊት ለዓመታት በትራክ ላይ እግሯን ስታሠራ የነበረችው ናት።

ስለዚህ ደስ የማይለው ጥያቄ ይመጣል፤ መቀጠል ያለበትን መዘግየት፣ መቀየር ካለበት መዘግየት በምን እንለያለን? አንዳንዱ ለውጥ የለኝም የሚል ሰው እኮ እውነቱን ነው፤ የለውም። እኔ የምመለከተው ስሕተቱን ነው። ስሕተታችሁ እየተቀየረ ከሆነ እየሄዳችሁ ነው። መስከረም ላይ «ሄደ» ለማለት «ሂ ጎ» የሚል ተማሪ ታኅሣሥ ላይ «ሂ ጎድ» ቢል ደስ ይለኛል፤ ተሳስቷል፣ ግን ኃላፊ ጊዜ የሚባል ነገር እንዳለና ቃሉ መለወጥ እንዳለበት ገብቶታል። ገና መስከረም ላይ የነበረው «ሂ ጎ» ታኅሣሥም ላይ ከነነፍሱ ካለ ግን ያረመው የለም ወይም እርማቱን አላየውም። እሱን «በርታ» ብሎ መሸኘት በደል ነው፤ የአጠናን ዘዴው ነው መቀየር ያለበት።

ደግሞ ትምህርት የማይመስሉ ነገሮችን እዩ። በቀን አምስት ሰዓት የሚተኛ ሰው ያጠናው ነገር የሚጸናበት እንቅልፍ አጥቷል። ሁልጊዜ በሙሉ ኃይሉ ብቻ የሚያጠና ሰውም ይሰበራል፤ ጠዋት እንጦጦ ጫካ ውስጥ የወጣችሁ እንደሆነ፣ ስማቸውን በቴሌቪዥን የምታውቋቸው ሯጮች በባሕር ዛፉ መካከል ተራ በተራ ሆነው እናንተ እንኳ ልትከተሏቸው በምትችሉት እርጋታ ሲሮጡ ታገኟቸዋላችሁ።

ለመለኪያ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ እጠይቃችኋለሁ። መስከረም ላይ ስትመዘገቡ ስለ ሰፈራችሁ አንድ ገጽ ጽፋችሁ ነበር፤ ወረቀቶቹ እኔ ጋ ናቸው። ሰኞ ሳታዩት ያንኑ ርዕስ እንደገና ትጽፋላችሁ፣ ከዚያ ሁለቱን ጎን ለጎን አደርግላችኋለሁ። በየሳምንቱ ራሱን የሚለካ ሰው ምንም አያይም፤ የአራት ወር ወረቀት ግን ይናገራል። ካልተናገረ ደግሞ ተቀምጠን ለምን እንደሆነ እንፈልጋለን።

ጊዜ ስላለን ሁለት ጥያቄ ልቀበል።

(አንዲት ተማሪ ዕድሜዋ አርባ እንዳለፈ ገልጻ፣ አልዘገየሁም ወይ ስትል ጠየቀች።)

ለአነጋገር ዘዬ ከሆነ አዎ፣ በልጅነት የጀመረ ሰው ይቀድምሻል፤ እኔም ስናገር የመጣሁበት አገር ይታወቃል፣ አላፍርበትም። ለቃላትና ለማንበብ ግን እዚህ ክፍል ውስጥ ከወጣቶቹ የሚበልጡት ብዙ ጊዜ እናቶች ናቸው። የሚጽፉት ጉዳይ አላቸዋ! ሃያ ዓመት የሞላው ልጅ ስለ ሰፈርህ ጻፍ ሲባል አራት መስመር ጽፎ ጣሪያ ያያል።

(አንድ ሌላ ተማሪ፣ ሥራው ፈረቃ ስለሆነ አንዳንድ ቀን እንደሚቀር፣ አንድ ቀን ሲቀር ሁሉ ነገር የፈረሰ እንደሚመስለውና ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ እንደሚቀር ተናገረ።)

የመጨረሻው ነው የጎዳህ፤ የመጀመሪያው ቀን አይደለም። ለንደን በሚገኝ ዩኒቨርሲቲ የተጠና፣ በ2010 የታተመ ሥራ አለ። 96 ሰዎች አንድ ትንሽ ነገር በየቀኑ ለማድረግ ተነሡ፤ ከምሳ ጋር ፍራፍሬ መብላት፣ ከእራት በፊት ጥቂት መሮጥ፣ እንዲህ ያለ ነገር። ልማዱ ሳያስቡበት የሚመጣ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ወሰደ፤ ግን አንዱ በ18 ቀን ሲለምድ ለሌላው እስከ 254 ቀን እንደሚፈጅ ተገምቷል። ለአንተ የሚጠቅምህ ሌላው ግኝታቸው ነው፦ አንድ ቀን መዝለል ልማዱን ይህን ያህል አልጎዳውም። ስለዚህ የፈረቃ ሰሌዳህን አምጣልኝ፤ የማትመጣባቸውን ቀኖች አስቀድመን እናውቃቸው። በእነዚያ ቀኖች እረፍት ላይ ስትሆን አሥር ደቂቃ ደብተር ዘግተህ ጻፍ፣ በቂ ነው። ስትመለስ ካቆምክበት ገጽ አትጀምር፤ ሁለት ገጽ ወደ ኋላ ሂድና ከዚያ ተነሣ። አርፍደህ ከገባህም በር ላይ ቆመህ ይቅርታ ስትጠይቅ ጊዜ አታባክን፤ ገብተህ ተቀመጥና የጎረቤትህን ደብተር እይ፣ የት እንደደረስን እሱ ያሳይሃል።